ከፖለቲካ ጥቃት የተረፉ ሰዎችን ታሪክ ለጥናት ማሰባሰብ፦ በሐዋሳ ለሚሠሩ ጀማሪ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በፖለቲካ ጥቃት፣ በሰብዓዊ መብትና በሽግግር ፍትሕ ዙሪያ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት ርእስ መርጠው፣ ንድፈ ሐሳቡንም በሚገባ አንብበው፣ ነገር ግን ልጃቸውን ያጡ እናት ፊት ሲቀመጡ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ለሚጨነቁ ተመራማሪዎች ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ሳይጨነቅ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ያሳስበኛል። ሐዋሳ ውስጥ ይህን ሥራ በሠራሁባቸውና ተማሪዎችን ባማከርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት፣ ሰው የሚነግረን ታሪክ የጥናት መረጃ ከመሆኑ በፊት አደራ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን እርምጃዎች የደረደርኩት አደራን በሚቀበል፣ በሚጠብቅና በሚመልስ ሰው ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፦ አስቀድመው ሰነዱን ይጨርሱ

የጥናቱ መጀመሪያ ቃለ መጠይቅ አይደለም። ከፍርድ ቤት መዝገብ፣ ከአዋጅ ወይም ከጋዜጣ ሊገኝ የሚችለውን ነገር፣ አንድ የተጎዳ ሰው ቁስሉን ከፍቶ እንዲነግረን ማድረግ በደል ነው። ጥናትዎ ስለ ደርግ ዘመን ከሆነ፣ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 22/1984 መቋቋሙን፣ በደርግ ከፍተኛ ባለ ሥልጣናት ላይ የቀረበው ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. መሆኑን አውቀው ይሂዱ። ክሱ የተመሠረተበት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንንም ስለሚያካትት፣ «የዘር ማጥፋት» የሚለው ቃል በዚያ መዝገብ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እ.ኤ.አ. ካጸደቁት ስምምነት ሰፋ ያለ ትርጉም አለው። ይህን ያልተረዳ ተመራማሪ የተነገረውን በተሳሳተ መዝገብ ውስጥ ያስቀምጣል።

ጥናትዎ ወደ ዛሬ የቀረበ ከሆነ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 28 እና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀውን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ከራሱ ከሰነዱ ያንብቡ፤ ሰው ስለ ፖሊሲው የጻፈውን ማንበብ አይበቃም። ይህ ለምዕራፍ ማሟያ ብቻ የሚነበብ አይደለም። ሰዎች «እንግዲህ ይቅር ተባሉ ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁዎታል፤ ሕገ መንግሥቱ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ (ማለትም ክስ የሚቀርብበት ጊዜ አልፏል ተብሎ) እንደማይታገዱ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታም እንደማይታለፉ መደንገጉን በቀላል አማርኛ ማስረዳት መቻል አለብዎ።

ከዚያ ርእሱን ያጥብቡ። «በሐዋሳ የተከሰቱ ግጭቶች» የሚለው ጥያቄ አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሐዋሳ ዳርቻ ባለችው ሎቄ በሰልፈኞች ላይ የተተኮሰው ጥይት፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሲዳማ የዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን ጎረቤትን ከጎረቤት ያለያየው ግጭት፣ እና ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ጋር በተያያዘ የደረሰው ግድያ፣ መነሻቸውም አድራጊያቸውም ተጎጂያቸውም የተለያየ ነው። ሦስቱን በአንድ ጽሑፍ መጠቅለል ሦስቱንም አለማየት ነው። «በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከአንድ ሰፈር የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሲመለሱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በምን ዓይነት መግባባት መኖር ጀመሩ?» የሚለው ግን መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፦ ፈቃድና ደብዳቤ

የዩኒቨርሲቲውን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይዙ አንድም ሰው አያነጋግሩ። የትብብር ደብዳቤውም አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ለቀበሌ የሚጻፈው ደብዳቤ የጥናቱን ርእስ በጥቅሉ እንጂ የሚያነጋግሯቸውን ሰዎች ስም ወይም አድራሻ እንዳይዝ ይጠንቀቁ። ቀበሌው «እኛ ሰው እንመርጥልሃለን» ቢል አመስግነው ይለፉት። በባለ ሥልጣን ታጅቦ የተገባበት ቤት ውስጥ የሚሰማው ለባለ ሥልጣኑ የተዘጋጀ ታሪክ ነው።

ሦስተኛ፦ ሊጠብቁት የማይችሉትን ቃል አይግቡ

«የሚነግሩኝ ሁሉ በምሥጢር ይያዛል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በየፈቃድ ቅጹ ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜም ሳይታሰብበት የሚጻፍ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ቦስተን ኮሌጅ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰሜን አየርላንድ የቀድሞ ታጣቂዎችን ድምፅ ሲያስቀርጽ፣ ተናጋሪዎቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ንግግራቸው ይፋ እንደማይሆን ተነግሯቸው ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለግድያ ምርመራ ስለፈለጋቸው ቅጂዎቹ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል ተጠየቁ፤ ከክርክር በኋላም በ2013 እ.ኤ.አ. የተወሰኑት ተላልፈው ተሰጡ። ተመራማሪዎቹ በቅን ልቦና ቃል ገብተው ነበር፤ ሕጉ ግን ቃላቸውን አላወቀውም።

በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443፣ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም የአድራጊውን ማንነት እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላስታወቀ ሰው እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ ለተናጋሪውም እንዲህ ብለው በግልጽ ይንገሩ፦ «ስምዎን አልጽፍም፣ ድምፅዎን ለማንም አላሰማም፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ቢያዘኝ እንቢ ማለት ላልችል እችላለሁ። ስለዚህ ያ ሰው ማን እንደሆነ ስሙን ባይነግሩኝ ይሻላል፤ ስሙን ሳልሰማም የደረሰብዎትን መረዳት እችላለሁ።» ይህን ሲሰሙ የሚሸሹ ሰዎች ይኖራሉ ተብሎ ይፈራል። በእኔ ልምድ አብዛኞቹ ይበልጥ ያምናሉ፤ ምክንያቱም አደጋውን ከእኛ በፊት ያውቁታል።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው ልዩ ፍርድ ቤት፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲቋቋሙ ስለሚያስብ፣ ሰዎች እርስዎን ከእነዚህ ተቋማት የመጣ ሰው አድርገው ሊያዩዎት ይችላሉ። ለእርስዎ መንገር አቤቱታ ማስገባት እንዳልሆነ፣ ካሳም ክስም እንደማያስከትል ደጋግመው ይንገሩ። አቤቱታ ማቅረብ ለሚፈልጉት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሐዋሳ ላይ ጽሕፈት ቤት እንዳለው ይጠቁሟቸው።

አራተኛ፦ አቀራረብ

በአማርኛ «ምርምር» እና «ምርመራ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። በደርግ ዘመን ታስረው የነበሩ አንድ አባት ዘንድ ሄደው «ተመራማሪ ነኝ» ቢሉ፣ ጆሯቸው የሚሰማው «መርማሪ» የሚለውን ነው። «ቃልዎን ልቀበል» የሚለውም የፖሊስ ጣቢያ አነጋገር ነው። «ተማሪ ነኝ፣ ያሳለፉትን ታሪክ ሊያጫውቱኝ ፈቃደኛ ከሆኑ ለመስማት ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። ፊርማም እንዲሁ ነው፤ ያልወደዱት ወረቀት ላይ ተገድደው የፈረሙ ወይም የጣት አሻራ ያኖሩ ሰዎች አሉና፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው በድምፅ የሚሰጥ ፈቃድን እንዲቀበልዎ አስቀድመው ይጠይቁ።

በሚያምኑት ሰው በኩል ይግቡ፤ የዕድር ሰብሳቢ፣ የሰንበቴ ወይም የማኅበር አባል፣ የሃይማኖት አባት፣ በሲዳማ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ የሶንጎ (የባህላዊው ሸንጎ) ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አስተዋዋቂው ሰው ቃለ መጠይቁ ላይ አይቀመጥ። ቦታውን ተናጋሪው ይምረጡ። ሐይቅ ዳር ያለ ጸጥ ያለ የሻይ ቤት ጥግ ለእኛ ምቹ ቢመስልም፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ የሚታይበት ቦታ ነው።

የቤት ውስጥ ቃለ መጠይቅም የራሱ ፈተና አለው። ገና ጀማሪ ሳለሁ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ አዛውንት ወንድማቸው የተወሰደበትን ሌሊት ሲነግሩኝ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንድ ጎረቤት ሰላምታ ሰጥቶ ገባና ተቀመጠ። አዛውንቱ የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ሰዓቱ እየሄደ ስለመሰለኝ «ወደ ጀመርነው ጉዳይ እንመለስና» አልኩ። ትሕትና የተሞላበት አጭር መልስ ሰጡኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስልኬን አላነሱም። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። አሁን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው፣ ሰው ሲገባ መቅረጫውን አጥፍተው ስለ ሽንኩርቱ አብረው እንዲያወሩ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ለታሪክ ዋጋ አይከፈልም፤ የባጃጅ ወይም የታክሲ ወጪያቸውንና ከሥራ የቀሩበትን ግን መተካት ተገቢ ነው። «አበል አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ መቆጣት አይገባም፤ በከተማችን የተካሄደ ስብሰባ ሁሉ ያስለመደው ነገር ነው።

አምስተኛ፦ ቋንቋና አስተርጓሚ

ሐዋሳ ላይ አማርኛ ሁሉንም ያገናኛል፤ ሰው ግን የሚያዝነው ባደገበት ቋንቋ ነው። ተናጋሪው በሲዳሙ አፎ (በሲዳምኛ) ወይም በወላይትኛ መናገር ከፈለጉ አስተርጓሚ ይያዙ። አስተርጓሚው በግጭቱ ከሌላው ወገን ነው ተብሎ የሚታሰብ ሰው እንዳይሆን፣ የቀበሌ ሠራተኛም እንዳይሆን፣ ተናጋሪው አስቀድመው አይተውት እንዲስማሙበት ያድርጉ። «እንዲህ አሉ» እያለ እንዳያሳጥር፣ በተናጋሪው አፍ «እኔ» እያለ እንዲተረጉም ያለማምዱት። አንዳንድ ቃላት ደግሞ ሳይተረጎሙ ቢቀሩ ይሻላል። ሲዳማዎች «ሃላሌ» ሲሉ አንድ ነገር መፈጸሙን ማረጋገጣቸው ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ የሚቆምለትን፣ የሚማልበትን እውነት መጥራታቸው ነው። «አፊኒ» ብለው ተሰብስበው ሲነጋገሩም መደማመጡ ራሱ የፍትሕ ሥርዓቱ አካል ነው። በግርጌ ማብራሪያ አስረድተው ቃሉን እንዳለ ያቆዩት።

ስድስተኛ፦ ቃለ መጠይቁ

መጀመሪያ ስለ ጥቃቱ አይጠይቁ። «ያኔ የት ሰፈር ነበር የሚኖሩት? ቤቱ እንዴት ያለ ነበር?» ብለው ይጀምሩና፣ ወደ ዕለቱ ሲደርሱ «ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እንዴት እንደዋሉ ይንገሩኝ» ይበሉ። «ምን ተሰማዎት?» የሚለውን ጥያቄ እርግፍ አድርገው ይተዉት፤ የተሰማቸውን ሳይጠየቁ ይነግሩዎታል፣ ካልነገሩዎትም ያልፈለጉት ነው።

ሲናገሩ የአማርኛውን ግስ በጥንቃቄ ያዳምጡ። ከቀይ ሽብር የተረፉ አንዲት እናት የነገሩኝን አንድ ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ማታ መጥተው ወሰዱት፣ በማግሥቱ እርምጃ ተወሰደበት ተባለ፣ እኛም ዝም አልን።» በዚህ ውስጥ «ወሰዱት» አድራጊ አለው፣ ማንነቱ ግን አልተጠራም። «እርምጃ ተወሰደበት» የገዳዩ ወገን ቋንቋ ነው፤ «ተገደለ» ማለት መሆኑን ሁላችንም ብናውቅም፣ እናቲቱ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተውም በዚያው ቃል እየተናገሩ ነው። «ተባለ» ደግሞ አስከሬኑን አለማየታቸውን ይጠቁማል። «ዝም አልን» የሚለው ከሁሉ የከበደ ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰቦች ልቅሶ እንዳይቀመጡ ተከልክለው ነበርና። አንድ ችኩል ተመራማሪ ይህን «ወንድ ልጃቸው ተገድሏል» ብሎ ቢያሳጥረው የጥናቱን ግማሽ ይጥለዋል። የተነገረውን እንደተነገረ ይጻፉ፤ ትርጉሙን በራስዎ ዐረፍተ ነገር ለብቻው ያብራሩ። «ጠፋ» እና «ሞተ» የሚሉትንም አይቀላቅሉ፤ ተስካር ያላወጡ ቤተሰቦች «ጠፋ» የሚሉት እያወቁ ነው።

ሴቶችን ሲያነጋግሩ የራሳቸውን ታሪክ ትተው የባላቸውን፣ የልጃቸውን፣ የወንድማቸውን መከራ ሊነግሩዎት ይችላሉ። 21,000 ያህል ምስክርነቶችን የተቀበለው የደቡብ አፍሪካ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ይህንኑ ገጠመውና ለሴቶች ልዩ መድረኮችን አዘጋጀ። «እርስዎስ በዚያን ጊዜ እንዴት ሆኑ?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በለሰለሰ ድምፅ ይጠይቁ፤ መልሱ ካልመጣ አይድገሙት። የወሲብ ጥቃት ጉዳይ ከሆነ ግን ልዩ ሥልጠና ሳይወስዱ አይግቡበት። ይህን የምለው በጠንካራው ነው።

ተናጋሪው ሲያለቅሱ መቅረጫውን ያጥፉ፣ ውኃ ያቅርቡ፣ ዝም ይበሉ። «አይዞዎት» ከማለት ሌላ ነገር አያስፈልግም። ለመቀጠል ወይም ለማቆም የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣቸው ቢሆን ወዴት መሄድ እንደሚችሉ፣ ለምሳሌ የሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ አስቀድመው አረጋግጠው ስልኩን ይያዙ። በማግሥቱም ይደውሉ። ሰዓቱንና ቀኑን ሲይዙም የሙት ዓመት ሰሞን እንዳይሆን ይጠይቁ።

ሰባተኛ፦ ዘመንና ሰዓት

ይህ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ጥናት የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። ኅዳር 1970 ዓ.ም. ማለት ኅዳር 1977 እ.ኤ.አ. እንጂ 1978 አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ 2 ሰዓት መሆኑን አይርሱ። ሰዎች ቀን በቁጥር ካላስታወሱ በበዓል፣ በገበያ ቀን፣ በዝናብ ያስታውሳሉ። በሲዳማ አቆጣጠር ሳምንቱ አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ እና ቃዋላንካ። የገበያ ቀኑን በዚህ የሚያስታውሱ አዛውንት የሚነግሩዎትን እንዳለ መዝግበው፣ ስሌቱን ከአዋቂ ጋር ይሥሩ። አንዳንዱ ግን ራሱ ቀን ሆኖ ይነገራል፤ ሐምሌ 11 ቀን 2011ን ብዙ የከተማው ሰው «11/11/11» ብሎ ነው የሚጠራው።

ስምንተኛ፦ ጥበቃ

የተቀረጸው ድምፅ በስልክ ላይ አንድ ሌሊት አይደር። የይለፍ ቃል ባለውና በተመሰጠረ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ከስልኩ ያጥፉ፤ የስልኩ ፎቶና ፋይል በራሱ ጊዜ ወደ ጎግል ድራይቭ የሚወጣ ከሆነ አስቀድመው ይዝጉት። በቴሌግራም አይላኩ። ከሁሉ በላይ የምለምነው፣ ድምፁን በግቢው በር አካባቢ ላለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አይስጡ። ጊዜ ሲያጥር የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጸሐፊዋ ግን የተናጋሪው የጎረቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች፣ ፋይሉም በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የብሔር ማንነትንና የፖለቲካ አመለካከትን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙ መረጃዎች ይመድባል፤ በእጅዎ ያለው ሁሉ ከዚህ ክፍል ነው።

ስም ሲቀይሩ የሥራ ቦታን፣ የልጆችን ቁጥርና የሰፈሩን ምልክት ጭምር ያስቡ። «በሰፈሩ ብቸኛዋ አዋላጅ» ብለው ከጻፉ ስሟን መቀየር ትርጉም የለውም። ጥቃት ያደረሰውን ብቻ ሳይሆን ያስጠለለውንም ሰው ይሸፍኑ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ቤታቸውን ጥለው የሸሹ አንዲት ሴት ረቂቁን ሳነብላቸው እንዲወጣ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ለሦስት ቀን የደበቋቸው የሌላው ብሔር ቤተሰብ በር ቀለም። «ያንን በር ሁሉም ያውቀዋል» አሉኝ።

ዘጠነኛ፦ ማመሳከርና መቁጠር

አንድን ታሪክ ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር ተናጋሪውን መጠራጠር አይደለም፤ ነገ ሌላ ሰው ሲክደው እንዲቆም ማድረግ ነው። ስሞችን ሲያመሳክሩ የፊደላችንን ጠባይ ያስቡ። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ»፣ ወይም «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» በኮምፒውተር ፍለጋ የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይወጣሉ፤ የከተማችን ስም እንኳ «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ»፣ «አዋሳ» ተብሎ ይጻፋል። ዝርዝሩን ከማነጻጸርዎ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ያምጡ፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ግን ለብቻው ያስቀምጡ።

የሟቾች ቁጥር እጅግ አከራካሪ ነው፤ ስለ ሎቄ የሚነገሩት ቁጥሮች ዛሬም በየምንጩ ይለያያሉ። ያነጋገሯቸው ሰዎች የጠሯቸውን ስሞች ደምረው «የሟቾች ቁጥር» አይበሉ። ዓሣን ለመቁጠር ከተፈጠረ ዘዴ መማር ይቻላል፤ በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላለ አጥማጅ ቢያስረዱት ወዲያው ይገባዋል። ከአንድ ኩሬ 60 ቆሮሶ ይዘው፣ ምልክት አድርገው ይለቃሉ፤ በሌላ ቀን 50 ሲይዙ 20ዎቹ ምልክት ያለባቸው ከሆኑ፣ 60 በ50 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል በኩሬው ውስጥ 150 ገደማ አለ ማለት ነው። በዚሁ መንገድ ቤተሰቦች ያዘጋጁት ዝርዝር 60 ስም፣ የቀብር መዝገብ 50 ስም ቢይዝና 20 ስም በሁለቱም ላይ ቢገኝ፣ ያልተመዘገቡት ምን ያህል እንደሆኑ ፍንጭ ይሰጣል። የፔሩ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን የዚህን ዘዴ ሰፊ ስልት ተጠቅሞ፣ በስም የተመዘገቡት 24,000 ገደማ ሆነው ሳለ ጠቅላላውን 69,000 ገደማ ብሎ በ2003 እ.ኤ.አ. ገምቷል። ይሁንና አንዱ ዝርዝር ከሌላው የተቀዳ ከሆነ ግምቱ ከእውነቱ ያንሳል፤ ዝርዝሮቹ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ መዘጋጀታቸውን ያረጋግጡ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያም ያማክሩ።

ዐሥረኛ፦ መመለስ

ረቂቁ ሲያልቅ ለአማካሪዎ ከመስጠትዎ በፊት ወደ ተናጋሪው ይመለሱ። ማንበብ የሚችሉት የራሳቸውን ክፍል ያንብቡ፤ ለማይችሉት በመረጡት ቋንቋ ያንብቡላቸው። «ይህን አውጣው» ያሉትን ያለ ክርክር ያውጡ። ከመመረቅዎ በኋላ ከአራት ገጽ የማይበልጥ ማጠቃለያ በአማርኛ አዘጋጅተው፣ የሲዳሙ አፎ ወይም የወላይትኛ ተናጋሪ ለሆኑት አስተርጉመው፣ በአካል ያድርሱ። ድምፁ መቼ እንደሚጠፋ በፈቃድ ቅጹ ላይ የጻፉትን ቀን በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ያስገቡ፤ ቀኑ ሲደርስ ያጥፉት፣ ደውለውም «ዛሬ አጥፍቼዋለሁ» ብለው ይንገሯቸው።